ሙባሪክ ያለበት ዓረፍተ ነገር

ሚያዝያ 20
ባጃጅ ውስጥ አንዱ ተሳፋሪ ለጓደኛው፣ «እንግሊዝኛ የሌለው ሰው እዚሁ ቡታጅራ ነው የሚቀረው» አለው። ገበያው ጋ ወረድኩና የእንግሊዝኛ ቃላት መጽሐፍ ገዛሁ። አሮጌ ነው። የፊተኛው ባለቤት እስከ አሥራ ሁለተኛው ገጽ አስምሮበት ትቶታል። እሱም እዚሁ ቀርቶ ይሆናል።

ሚያዝያ 22
መጽሐፉን የገዛሁት ለማስተርስ መግቢያ ፈተና ነው። ካለፍኩ ወልቂጤ እማራለሁ፤ ከዚህ ቤት መውጫ ሰበብ አገኘሁ ማለት ነው። ቤቱ የባሌ እናት ቤት ነው። ባሌ ሙባሪክ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል። የእኔ ቢሮ ቡታጅራ ስለሆነ ከእማማ ሰፍያ ጋር ቀረሁ። አምና ለአረፋ እንኳን አልመጣም። የመርካቶ ሰው ሁሉ ተጠራርጎ አገሩ በሚገባበት ሳምንት... ጎረቤት «የት አለ?» ሲለኝ «ሥራ» አልኩ። ሥራ፣ በአረፋ! ማንም አላመነኝም። እኔም።
ወስኛለሁ። ዘንድሮ መጣም ቀረም፣ ከአረፋ በኋላ እለየዋለሁ። ሳስበው ምንም አይሰማኝም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ዓይነት።

ሚያዝያ 27
መጽሐፉ ለየቃሉ ትርጉምና አንድ ምሳሌ ይሰጣል። የምሳሌው ሰው ሁልጊዜ ጆን ነው። ጆን ባቡር ያመልጠዋል፣ ጆን ጎረቤቱን ያስቀይማል... ስለ ጆን ምን አገባኝ? መግቢያው ላይ «በምታውቁት ሰው ተኩት፤ ጮክ ብላችሁም አንብቡት፤ አይረሳም» ይላል። የማውቀውን ሰው አስገባሁ። ጮክ የምለው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ግን በአማርኛ ልጻፈው።
ኔግሊጀንት፦ ማድረግ ያለበትን በቸልታ የሚተው። «ሙባሪክ ኔግሊጀንት ባል ነው።»
ኢቬሲቭ፦ ሲጠይቁት የሚሾልክ። «መቼ ትመጣለህ ሲሉት ሙባሪክ ኢቬሲቭ ይሆናል።»
ኢንተርሚተንት፦ መጣ ሄድ የሚል። «የሙባሪክ ስልክ እንደ ቡታጅራ መብራት ኢንተርሚተንት ነው።»
እውነትም አይረሳም።

ግንቦት 4
መብራት የለም። አላጠናሁም። ማንም አልደወለም።

ግንቦት 8
አፓቲ፦ ደስታም ቁጣም ማጣት፤ ሁሉም ነገር አንድ መሆን። ለዚህ ሙባሪክ አልሆነም። ጆንም አልሆነም። ዘለልኩት።

ግንቦት 11
እማማ ሰፍያ ምሳ ላይ አፈጠጡብኝ።
«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ደንቆሮ አይደለሁም። እሰማለሁ።»
ምኑን?
«ከሥራ ገብተሽ በር ትዘጊና፣ ሙባሪክ፣ ሙባሪክ፣ ሙባሪክ... ወላሂ አንጀቴን በላሽው። ይሄን ያህል ናፍቆሽ በፈረንጅ አፍ ትደብቂኛለሽ?»
«ጥናት ነው፣ እማማ።»
«አይ ጥናት! እኔም ሙሽራ ነበርኩ።»
አፌን በቆጮ ሞላሁት።

ግንቦት 13
ሪሶሉት፦ ከወሰነ የማይመለስ። ለዚህኛው ራሴን አስገባሁ። «ሽፋ ሪሶሉት ናት። ከአረፋ በኋላ ሙባሪክን ትለየዋለች።» ደጋገምኩት። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ቀና ስል እማማ በሩ ላይ ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ቆመዋል። እንባ አቅርረዋል።
«ቀዳሁሽ» አሉ። «የሰሞኑንም ቀድቼ ልኬለታለሁ። እኔ ባይገባኝ እሱ ይገባዋል።»
መደንገጥ ነበረብኝ... ግን ሙባሪክ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ነው ንግድ የገባው። ከጋብቻችን በፊት ዱባይ ሠርቷል፤ እዚያም አረብኛ ነው። የሚለየው ስሙን ብቻ ነው። ስሙ ደግሞ ሁሉም ውስጥ አለ።

ግንቦት 17
መጣ።
እማማ እልል አሉ። ለእሳቸው ሻሽ፣ ለእኔ በቻርጅ የሚሠራ መብራት ይዟል። «ቡታጅራ መብራት ይጠፋል አይደል?» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ «ፍቅር ነው የጎተተው» ይላል። «ኔግሊጀንት» የሚለው ቃል ሰው እንደሚጎትት መጽሐፉ አይናገርም።

ግንቦት 18
የበዓሉ ዋዜማ፣ የሴቶች አረፋ። ቅቤ፣ ጎመን፣ ቆጮ። እማማ ለገባች ሴት ሁሉ ነገሯት። «በፈረንጅ አፍ ነው የጠራችው!» ባሏ ጅዳ የቀረባት ጎረቤታችን ሃሊማ ጠጋ አለችኝ።
«እስቲ ቃሉን ጻፊልኝ።»
«የትኛውን?»
«የሠራልሽን ነዋ!»

ግንቦት 20
ሥጋው ተበልቶ እንግዳው ተበተነ። ሙባሪክ ግቢ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ልነግረው ሄድኩ።
«አንድ ነገር ወስኜ...»
«ሪሶሉት ነሽ» አለኝ።
በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።
«ትርጉሙን ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ኔግሊጀንትን እንኳን አውቃታለሁ፣ ዱባይ አለቃዬ ጠዋት ማታ ይለኝ ነበር። ኢቬሲቭ አዲስ ሆነችብኝ። ልክ ነሽ፣ ሁለቱንም ነኝ። አነጋገርሽ ግን... በአላህ ሽፋ፣ ፈረንጅ ፊት እንዳትደግሚው!»
«ሁሉንም ሰምተህ ነው የመጣኸው?»
«ስለሰማሁ ነው የመጣሁት።»
የምለውን ስንት ቀን አዘጋጅቼው ነበር። መጀመሪያውን እሱ ወሰደብኝ። የቀረው ያለ መጀመሪያ አልወጣም አለኝ።

ግንቦት 23
ጠዋት ወደ መርካቶ ተመለሰ። ፍቺውን አላነሳሁም። ልተወው ነው ወይስ ላቆየው? ፈተናውን ግን እፈተናለሁ። ከመንገድ ላይ ድምፅ ላከልኝ። «ሽፋ ኢዝ ኦብስቲኔት።» ግትር ማለት ነው። ሳቅሁ መሰለኝ... ያ የደነዘዘው ድድ ትንሽ ጠዘጠዘኝ።
እማማ ጎመን ይከትፋሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።
«ዱባይ በአረብኛ አልነበረም እንዴ የሚሠራው?»
«ማን አለሽ? መጋዘኑ የህንዶች ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲጨቃጨቅ ነው የኖረው።» ቢላዋቸውን አስቀመጡና አዩኝ። «አልነገረሽም?»
አልነገረኝም።
ጠይቄውም አላውቅም።