ቦርከና የሌለበት ቴያትር

ሰኞ፣ ግንቦት 1/58፣ ከት/ቤት መልስ

ሦስተኛውንም ቴያትር አንብቤ ጨረስኩ። ይኸኛውም ይገድላታል። ማስታወሻዬ፣ የከሚሴ ሰው ብዕር ሲያነሣ ለምን ሴት ሳይገድል አያስቀምጥም? አንዱ በመርዝ፣ አንዱ በባሏ ጩቤ፣ ይኸኛው ደግሞ ያለ ምክንያት፤ ቆማ ስታወራ ዝርግት! ለት/ቤቱ መዝጊያ በዓል አንዱ ይመረጣል። መራጩ እኔ። ዳይ/ሩ ሥራውን ለኔ የሰጠኝ ሐዘኑን ይርሳበት ብሎ ነው አሉ። ባለቤቴ ዘሃራ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። ጥሩ ማስረሻ አገኘልኝ።

አንድ ቀረ። የሸማኔው የሁሴን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 3

ትናንት አልጻፍኩም። አልቻልኩም።

የሁሴን ቴያትር ስለ ዘሃራ ነው። ስሟን አይጠራም፤ ግን እሷ ናት። የበኩር ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ጨፋ የወረደች ሴት። ምጥ ይጠናባታል። ባሏ አ.አ. የክረምት ኮርስ ላይ ነው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ወደ ከሚሴ ሐኪም ይነሣል። ሁሴን ያኔ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ያገራችን ሰው የተሸከመውን በሽተኛ መንገድ ላይ አያወርድም፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻውን ከሥር ያስገባል። ማውረድ ሟርት ነው። ይኸን ሁሉ ጽፎታል፤ ጭቃውን፣ ዱዓውን፣ የእናቷን ልመና። ከአራቱ ቴያትር የሚባለው ይኸው ብቻ ነው።

መጨረሻው ግን፦ ይደርሳሉ። ትወልዳለች። እልልታ።

የኔዋ ቦርከና ዳር ቀረች። ወንዙ ሞልቶ ነበር። እስኪጎድል ብለው አወረዷት። ከነልጇ ሞተች። በሁሴን ቴያትር ውስጥ ቦርከና የሚባል ወንዝ የለም። ተናደድኩ። ምን መብት አለው?

ዓርብ፣ ግንቦት 5፣ ከጁምዓ በኋላ

ዳይ/ሩ አንብቦ ወደደው። መጨረሻው ይለወጥ፣ ትሙት አለ። ሕዝቡ ካላለቀሰ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድን አይማርም ባይ ነው። ለሁሴን እንድነግረው አዘዘኝ። እሺ አልኩ። ደስም ሳይለኝ አልቀረም።

ከመስጊድ ሲወጣ ያዝኩት። አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋልክ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ነገርኩት።

«መምህር፣ ወላሂ፣ ሁለተኛ አላወርዳትም።»

ቴያትሬ ይመለስልኝ፣ ይቅርብኝ አለ። ሰው እያየን አለቀስን። ይኸን ሁሉ ወር የተጎዳሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሱም ከዚያ ወንዝ ዳር አልተነሣም ለካ።

ጽሑፉን አልመለስኩለትም። ሰኞ እነግርሃለሁ አልኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 7

ዳይ/ሩ ቤት ሄጄ ተጨቃጨቅን። ወይ ሴቲቱ ትኖራለች ወይ ሌላ መራጭ ፈልግ አልኩት። ሐዘን አእምሮህን ነካው አለኝ። ነካው፣ አልኩ። አጉረምርሞ ተስማማ።

እስከ ሰኞ መታገሥ አልሆነልኝም፤ ከዚያው ወደ ሁሴን። አብሽር፣ ትወልዳለች አልኩት። ሥራውን ጥሎ ተነሣ። ሴቲቱን የሚሠራው መ/ር ታደሰ ነው፤ ጢሙን ይላጫል። ክብደቱን ግን ምን እናድርገው? አራት ጠንካራ ተሸካሚ ያስፈልጋል። ሦስት አሉ። ሁሴን አራተኛውን ከገበያ ልፈልግ አለ። አትፈልግ አልኩት። ገባው መሰለኝ፤ መሬት መሬት አየ።

ባሏ አ.አ. ነው ይላል ቴያትሩ። ይበል። እኔ ከጎረቤቶቹ አንዱ ሆኜ እገባለሁ።