ከጎተራው ጀርባ ያለው አፈር

ለምወድሽ እህቴ ለአልማ፣

ደብዳቤዬ ኦሪገን ሲደርስ አንቺንም ልጆቹንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ነብራስካ ደህና ነን፤ በቆሎውም ዘንድሮ ያምራል።

ሰሞኑን መንግሥት የላከው አፈር አጥኚ ሚስተር ሎውሪ መጥቶ ነበር። ማሳውን በረጅም መሰርሰሪያ እየወጋ የሚወጣውን አፈር በጣቱ ያሻል፣ ዓይነቱን ካርታው ላይ ያሰፍራል። "እመቤቴ፣ እርሻችሁ ሁሉ አንድ ነው፤ ላዩ ጥቁር፣ ሥሩ ቢጫ" አለኝ።

ከጎተራው ጀርባ ግን ቢጫው ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች ሆኖ ወጣ።

"ይኼ ተቆፍሮ የተደፈነ ነው። የውኃ ጉድጓድ ነበራችሁ?"

ኖሮን አያውቅም። ይኼኔ ባለቤቴ ኤሚል ከማሳው እየሮጠ መጣ።

"የታመመች ላም ቀብሬ ነው" አለ እየሳቀ። "ተው አንተ ሰውዬ፣ በሽታውን ታወጣብናለህ። ይልቅ ና ምሳ ብላ።"

አልማ፣ ላሞቹን የማልበው እኔ ነኝ፤ የሞተችብን ላም አላስታውስም። ኤሚል በማግስቱ ቦታው ላይ ስሚንቶ አፈሰሰበት፤ የአሳማ በረት ይሆናል ይላል። ራት ላይ ትክ ብሎ እያየኝ "ሰውዬው ሌላ ምን አለሽ?" ይለኛል።

ወንድማችን ቨርነር ካሊፎርኒያ ከገባ ወዲህ ጽፎልሽ ያውቃል? ኤሚል ባቡር ጣቢያ ያደረሰው ዕለት፣ በዚያ ብርድ፣ ካፖርቱን እዚሁ ትቶ ነው የሄደው።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ስትመልሺልኝ ስለ ዳቦ አሠራር ብቻ ጻፊ፤ ፖስታውን የሚያመጣው ኤሚል ነው። ለመኸሩ ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ብቻሽን ግን አትምጪ።

ሁሌም ናፋቂሽ እህትሽ
ሁልዳ