የማይጮኸው አሰልጣኝ

«አዲሱ አሰልጣኝ መልአክ ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቼ፣ አምኜም ስታዲየም ሄድኩልሽ፣ እትዬ ከበቡሽ። ለመሆኑ ከነልጆችሽ እንዴት ከርመሻል? የናፍቆት ሰላምታዬ ከሚኒያፖሊስ ብርድ ቀድሞ ይድረስሽ።

የልጄ የኢያሱ ኮሌጅ የፉትቦል አሰልጣኙን ቀየረ። ጨዋታው በእጅ ነው፤ ለምን «እግር ኳስ» እንዳሉት አትጠይቂኝ። የቀድሞው አሰልጣኝ ኮፍያውን መሬት ወርውሮ የሚረግጥ ቁጡ ነበር። ልጅ ተጋጭቶ ሲወድቅ ዓይን ዓይኑን አይቶ «ውጣና ቁጭ በል!» እያለ ያንባርቃል። ኢያሱንም አንዴ ጭንቅላቱን ቢመታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጨዋታ አስቀምጦታል። ባለጌ ነው ብዬ አምቼዋለሁ።

አዲሱ ግን አይጮኽም። ቅዳሜ ኢያሱ ግንብ ከሚያክል ልጅ ጋር በጭንቅላቱ ተላተመና ተዘረረ። ሰውየው ረጋ ብሎ መጣ፣ ትከሻውን ዳሰሰና «ደህና ነህ?» አለው።

ክው አልኩ! የእኛ ልጅ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? እኛ ቤት «ደህና አይደለሁም» ያለ ሰው ታውቂያለሽ? አባባ እንኳ ባረፉበት ቀን ጠዋት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለውናል። ኢያሱም «አይም ጉድ፣ ኮች» አለ፤ «ደህና ነኝ፣ አሰልጣኝ» ማለቱ ነው። ሰውየው አመነው፤ መልሶም አስገባው።

«ታዲያ እንዲሰድብልህ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ ባለቤቴ ቅድስት።

«አዎ» አልኳት። እስካሁን አኩርፋኛለች።

በይ፣ ለጎረቤት ለዘመዱ ሁሉ እጅ ንሺልኝ። ወንድምሽ ቂርቆስ ነኝ።

ኢያሱም ሰላም ብሎሻል። ራሴን አመመኝ፣ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ ብሎ ከእሁድ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ተኝቷል።