ከድልድዩ ማዶ የተመረጠብን ልጅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሮሄልዮ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? የዶሃ ሙቀት ዘንድሮም አላስወጣ አላስገባ ብሏችኋል ወይስ ትንሽ ራርቶላችኋል? ወገብህስ? ባለቤትህ ኤስቴላ የገዛችልህን ቅባት ትቀባለህ ወይስ እንደ ልማድህ መሳቢያ ውስጥ ከተህ ማቃሰት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባን ሳሉ ለቆታል፤ ይበላል፣ ይቆጣልም፤ ሲቆጣ ደግሞ ደህና መሆኑን አውቃለሁ። ዝናቡ ገብቶ መንገዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ውኃ ነው፤ ማላቦን ውስጥ ይህ እንደ ወሬ አይቆጠርም።

በስልክ ማውራት እየቻልኩ ወረቀት መያዜ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ስናወራ አባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል፤ የዛሬው ወሬዬ ደግሞ ላንተ ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ሉሲታ ነገ ወደዚያ ስትመጣ በእጅህ እንድትሰጥህ ብዬ ጻፍኩት። የደጋፊዎቹ የከበሮ ቡድናችን ሊበተን ነው ብለው እንደነገሩህ ሰምቻለሁ። ሊበተን ነበር፤ አልተበተነም። ከሥሩ ላጫውትህ።

የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሰይፍ ዓሣ አምና እስከ ፍጻሜው ስለደረሰ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ተራው የመጀመሪያው ዙር ጭራ ላይ ሆነ። መቼም ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ደካሞቹ ቀድመው ይመርጣሉ፣ ጎበዙ የተረፈውን ያነሳል። ዘንድሮ ግን ማንም አልከፋውም። ማግባኑዋ የሚባል ከጣሪያ በታች የማይቆም የሚመስል ረጅም ልጅ አለ፤ ጉልበቱን ታሞ ስለነበር ሌሎቹ ቡድኖች ፈርተውታል፣ ስለዚህ እኛ ጋ ይደርሳል ተባለ። እኔም ገበያ ዓሣ እያጸዳሁ ለደንበኞቼ ሁሉ ማግባኑዋ የእኛ ነው ስል ነበር የምውለው።

ሰፈራችንን ደግሞ ታውቀዋለህ። አንዲት ልጅ የነርስነት ፈተና ያለፈች እንደሆነ ባነር ይሰቀላል፣ አንዱ መርከበኛ ሆኖ የተቀጠረ እንደሆነ ባነር ይሰቀላል። ጋሽ ኢስኮ ማተሚያ ቤቱ ሥራ ፈቶ ስለነበር ምርጫው ሳይካሄድ «ማግባኑዋ እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ባነር አትሞ ሜዳው በር ላይ ሰቀለ። የልጁ ፎቶ መሃል ላይ ነው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ፎቶ ደግሞ ከጎኑ፣ ከልጁ ፎቶ ገዝፎ። ሊቀመንበሩ በሕይወቱ ኳስ ነክቶ አያውቅም፣ ባነር ግን አምልጦት አያውቅም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ያለው ሜዳችን ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ሰዉ የሩዝ ገንፎውን ይዞ ተቀመጠ። ከእኛ ፊት ያሉት ቡድኖች ሁሉ መርጠው ሲጨርሱ ማግባኑዋ ገና አልተመረጠም። ሜዳው ቀለጠ፤ እኔም ከበሮውን ጀመርኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ የሊጉ ኃላፊ ወረቀቱን ገልጦ፣ ሰይፍ ዓሣ የመረጠው ኤልሶን ማካራይግን ነው ብሎ አነበበ።

አዎ፣ ያው ኤልሶን። ከድልድዩ ማዶ ያለው። በደብራችን በዓል የፍጻሜ ጨዋታ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንተን በግራ የሚሄድ አስመስሎ በቀኝ አልፎህ ዋንጫውን የወሰደብን ልጅ። አንተ ወደ ዶሃ ከመሄድህ በፊት የተጫወትከው የመጨረሻ ጨዋታ ስለሆነ ሰዉ እስከ ዛሬ ቂሙን አልረሳም፤ ስሙን እንኳ አይጠሩትም፣ «ያ» ነው የሚሉት።

መጀመሪያ ሁሉም ክው አለ። ቀጥሎ ተረቡ ወረደ። ገንፎ ሻጯ ወይዘሮ ቶንያ ቁመቱ ከእኔ ማማሰያ አይበልጥም አለች። አንዱ ደግሞ ከኋላ፣ ጨዋታ በሄድን ቁጥር ቅርጫቱ ሥር የሚቆምበት ወንበር ልንሸከምለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ተቀናቃኞቻችን ማግባኑዋን ቀለብ አደረጉት፤ ያኔ የሰዉ ደም ፈላ። ጓደኛህ ቤኒንግ መለያውን አውልቆ ከበሮው ላይ ወረወረና፣ ሮሄልዮን መሳቂያ ላደረገ ሰው ከበሮ አልመታም ብሎ ወጣ። ግማሹ የቡድናችን አባል ተከትሎት ሄደ።

አባባ ከወንበሩ አልተነሳም። ወንድም ጋሼ፣ እኔ የፈራሁት ለእሱ ነው። የከበሮ ቡድኑን በወጣትነቱ ያቋቋመው እሱ ነው፤ እማማ ካረፈች ወዲህም ልብሱን ቀይሮ ከቤት የሚወጣው ለዚህ ከበሮ ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ጢሙን እንኳ አልተላጨም። ከበሮው ዝም ካለ አባታችንም አብሮ ዝም እንደሚል ገባኝ፤ እኔ ቆሜ ይሄ አይሆንም አልኩ።

በሳምንቱ የቀረነው ሰብሰብ ብለን ከበሮ ስንለማመድ፣ ኤልሶን ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ብቻውን ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። ወሬው እንዴት እንደሚበር ታውቃለህ፤ ቤኒንግና ያኮረፉት ሁሉ ከየቤታቸው ተጠራርተው ሜዳውን ሞሉት። ቤኒንግ፣ የቤትህ መንገድ ጠፋህ እንዴ ብሎ ጀመረው። ሰዉ አጓራበት። ልጁ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ፣ ጭራ ላይ የተመረጠ ተጫዋች ዝም ብሎ እንደማይቀጠር፣ ልምምዱ ላይ አሰልጣኙን ካላስደሰተ እንደሚሰናበት ነገረን። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

«ይህን ከበሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን እጄን ያንቀጠቀጠው እሱ ነው። አሁን ሌላው ፊት ለፊቱ ይስማው፣ እኔ ከኋላዬ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

አባባ ቀና አለ። «እየተንቀጠቀጥክ ነው እንዴ ያገባኸው?» አለው።

«አዎ አባባ፤ እግሬም ጭምር።»

አባባ ሳቀ። ያንን ሳቅ ብትሰማው አንጀትህ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ቤኒንግ ግን ፍንክች አላለም። የተነካው ሮሄልዮ ነው፤ እሱ ይሁን ካለ ከበሮዬን አነሳለሁ፣ ካላለ የለሁበትም አለ። ሁሉም ልክ ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ፣ ሮሄልዮ ዛሬ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር፣ ይሁን ብሏል አልኳቸው።

ከበሮው ተነሳ። አባባ ራሱ ትልቁን መታው፤ በማግስቱም ተላጨ። ጋሽ ኢስኮ ሌላ ባነር ማተሙ ከብዶት የኤልሶንን ጭንቅላት ማግባኑዋ አንገት ላይ ለጥፎ ሰቅሎታል። አንገቱ ከፊቱ ይሰፋል፤ ሊቀመንበሩ ግን እንዳማረበት ነው።

እህቴ ስሜን ይዛ ዋሸች ትል ይሆናል። አልዋሸሁም፣ ቀደምኩህ እንጂ። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ አንተ ላብህን እንኳ ሳትጠርግ ልጁ ጋ ሄደህ፣ ያቺን እርምጃ እስቲ ድገምልኝ አልከው። እሱ ደገመልህ፣ አንተም ሞከርካት፣ ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ያየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተን ወንድሜ በማለቴ እኮራለሁ፤ መልስህም ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ልጁም ይቀጠራል፣ አትጠራጠር፤ እየተንቀጠቀጠ ያገባ ሰው ሳይንቀጠቀጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናያለን።

ለኤስቴላ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችው ሻርፕ በጣም አምሮብኛል። ልጅህን ካርሎን ትምህርቱን እንዳያላላ ንገርልኝ። ትንሿን ቢያንካን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አባባም ሁላችሁንም አገላብጦ ይስማችኋል። ባለቤቴ ኔሎ ጥርሱን አሞት እንጂ ብዙ ነገር ሊልህ ነበር፤ ሰላም ብሎሃል። ወይዘሮ ቶንያና ጋሽ ኢስኮም እንደዚሁ። ቤኒንግ ግን ሰላምታ አልላከም። ከራሱ ከሮሄልዮ አፍ ካልሰማሁ አላምንም ብሎ ቅዳሜ ሊደውልልህ ነው። ስልኩን ስታነሳ፣ ገና ሰላም ሳይልህ፣ «ለፌሊ ነግሬያታለሁ እኮ» በለው።

እህትህ ፌሊሲታስ
ማላቦን፣ ኦገስት 14 ቀን 2019