በእህቴ ስም የምፈርምበት ወረቀት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም አምሳል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአንቺን ደኅንነት እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ዛሬም ያምሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? እህል ይበላልሻል? እንቅልፍስ በቅጡ ታገኚያለሽ? አዲሶቹ አሠሪዎችሽ ከፊተኞቹ ይሻላሉ? እኛ በሕይወትም በጤናም አለን፤ የጎደለን የአንቺ ድምፅ ብቻ ነው። እናታችን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ ጥቅምት ላይ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጃት ሰባት ቀን ተነክራ መጣች። አሁን ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ሩዙ ደርሶ አጨዳ ላይ ነን፤ እጄ በማጭድ ስለሻከረ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ አትዘኚብኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሰብሪና ናት፤ ወረታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት የጋሽ አህመዲን ልጅ። ለዕረፍት መጥታ ሰንብታ ወደ ሪያድ መመለሷ ነው። በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ሐምሌ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ተሳሰረ። ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። እባክሽ መሐል ላይ ተናደሽ አትተይው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቤትሽን አቁመሽ ዳግመኛ ለመሄድ ስትነሺ፣ ወረታ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄደን ጠቅላላ ውክልና ሰጥተሽኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንቺ በማግሥቱ ተሳፈርሽ። እኔም ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከመሬት ደብተሩ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። «ጠቅላላ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዤ፣ ያንቺ የሆነውን ሁሉ እንደ ፈቀድኩ ማድረግ የምችል ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ጥር ድምፅሽ ጠፋ። ስንደውል ስልኩ አይሠራም ይለናል። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ ሁዳዴ ገብቶ ተፈታ። እናታችን ስልኩን ከጉያዋ አታወጣውም ነበር፤ ላሞቹን ስታልብ እንኳ ይዛው ትቀመጣለች። ጎረቤት ሲጠይቀን «ሥራ በዝቶባት ነው» እንላለን። እርስ በርሳችን ግን ስለ አንቺ ማውራት ፈራን።

ግንቦት ላይ አጎታችን አያ መንግሥቴ አንድ ነጋዴ አስከትለው መጡ። ሰውየው ወረታ ያለውን ቤትሽን፣ ያንን ስምንት ዓመት በሰው አገር ለፍተሽ ያቆምሽውን ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣ መግዛት ይፈልጋል። አያ መንግሥቴ ለብቻዬ ጠርተው፣ «ሽጠህ የሩዝ መፈልፈያ ግዛ። ለእሷም ለአንተም የሚሆን ሥራ ነው። ውክልናህ ጠቅላላ ነው፤ ማን ይከለክልሃል?» አሉኝ። ክፋት አስበው አይደለም፤ እኔም ብሆን ልቤ ከሄደ ሰንብቶ ነበር። በየዓመቱ የሰው መፈልፈያ ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ፣ የራሴ በሆነ እያልኩ እመኝ ነበር። ለአንቺ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ባለቤቴ ሸዋነሽ «እሷን ሳትጠይቅ?» ብላ አየችኝ። እኔም «የማትገኝን ሰው እንዴት ልጠይቅ?» ብዬ ተቆጣኋት። ለእናታችን ግን አልነገርኳትም። ይህን መደበቄ ብቻውን ሥራዬ ትክክል እንዳልነበረ ሊያስታውቀኝ በተገባ ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ እኔ፣ አያ መንግሥቴና ገዢው ውሉን ልንዋዋል ወደዚያው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የተቀበለችን ይርጋለም የምትባል ባለሙያ ናት፤ ከአንቺ በዕድሜ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ወንድሜ፣ በዚህ ውክልና ቤት መሸጥ አትችልም» አለችኝ።

አያ መንግሥቴ ቱግ አሉ። «ጠቅላላ ይላል እኮ ልጄ! ከጠቅላላ በላይ ምን አለ?»

እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አባቴ፣ ጠቅላላ ማለት በጠቅላላው ንብረቷን ያስተዳድር ማለት ነው እንጂ ንብረቷን ከእጇ ያውጣ ማለት አይደለም» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራም ለልጅ እንደሚያስረዱ አስረዳችኝ። ቤቱ ሲያፈስ ማሳደስ እችላለሁ። ማከራየት እችላለሁ፤ እሱም ቢሆን በአንድ ውል ከሦስት ዓመት ሳይበልጥ። ማሳሽን ማሳረስ፣ ሩዙን አሳጭዶ መሸጥ፣ ግብርሽን መክፈል፣ ለአንቺ የሚገባውን መቀበል እችላለሁ። ቤቱን ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ለሌላ ለመስጠት፣ በስምሽ ከሰው ጋር ለመካሰስም ሆነ ክርክርን በዕርቅ ለመጨረስ ግን ያንን ጉዳይ ለይተሽ የጻፍሽበት ልዩ ውክልና ያስፈልገኛል።

እታለም፣ እኔ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ የተሰማኝን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ሕጉ የተደነገገው ከመወለዳችን በፊት ነው አለችኝ። አንቺንም እኔንም የማያውቁ ሰዎች አንድ ቀን አንዲት ሴት ርቃ እንደምትሄድ፣ ወንድሟም ልቡ እንደሚሸፍት አስቀድመው አስበውልሽ ኖሯል! ያለ ጠባቂ ትተሽው የሄድሽ የመሰለኝ ቤት ለካ ዘብ ነበረው። ተናድጄ መነሣት ሲገባኝ፣ አንድ ትልቅ ሰው በጨለማ እጄን የያዘኝ ይመስል እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

በዚህ አላበቃም። ይርጋለም ወረቀቱን ልትመልስልኝ እጇን ዘርግታ ሳለ፣ «ለመሆኑ ወካይዋ በሕይወት አለች አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። የጠየቀችው እንደ ሥራዋ ነው። ውክልና የሰጠው ሰው ከሞተ ወረቀቱም አብሮት ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ወኪል የሚባል የለም አለች።

አያ መንግሥቴ አንገታቸውን ደፉ። ነጋዴው ባርኔጣውን አንሥቶ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔም፣ «አላውቅም» አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ከአፌ ያላወጣኋት ቃል ናት። መኖርሽን ሳላውቅ ቤትሽን ልሸጥ መምጣቴ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንባዬም መጣ። ይርጋለም ብዙ አልተናገረችም። «መጀመሪያ እሷን ፈልጋት» ብቻ አለችኝ።

ከቢሮው ወጥቼ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። «በእኔ ስምና ስለ እኔ ሆኖ ንብረቴን እንዲያስተዳድር ወንድሜን ወክዬዋለሁ» ይላል። ከሥሩ ፊርማሽ አለ፤ እየቸኮልሽ የፈረምሽው፣ መጨረሻው ወደ ላይ የወጣው። ስለ እኔ ሆኖ! እኔ ማን ነኝና ነው አንቺን እንድሆን የታመንኩት? ደብዳቤ ከቤተ መንግሥት የመጣልኝ ያህል ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ከዚያው ተነሥቼ በቀጥታ ጋሽ አህመዲን ሱቅ ሄድኩ። ነገሩን ሲሰሙ ጨርቅ መቁረጣቸውን ትተው ለሰብሪና ደወሉላት። እሷም ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷን ሠውታ፣ ከሰው ሰው እየጠየቀች፣ ፊተኞቹ አሠሪዎችሽ ስልክሽን ነጥቀው ወደ ሌላ ከተማ እንደወሰዱሽ፣ ከእነሱ ወጥተሽም ሐበሾች ዘንድ እንደተጠጋሽ ደረሰችበት። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሐምሌ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ እናታችን «ማነህ?» ስትል «እኔ ነኝ እማ፣ አለሁ» አልሻት። መሬት ላይ ተንበርክካ ስልኩን ሳመችው። ለእኔ ሲደርስ ስለ ወገብሽ ብቻ ጠይቄሽ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ አሁን ታውቂያለሽ።

በማግሥቱ ይርጋለም ቢሮ ሄጄ ከበሩ ላይ ቆሜ «አለች!» ብዬ ጮኽኩ። ባለጉዳዩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ከወንበሯ ተነሥታ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ የተፈቀደልኝን ብቻ ሠርቻለሁ። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ የቤትሽ የጓሮ ግድግዳ ውኃ ገብቶበት ነበር፤ አስመረግሁት። ሁለቱን ክፍሎች ለአንድ መምህርና ለባለቤቱ በሁለት ዓመት ውል አከራየሁ። ማሳሽን ከእኔው ጋር ዘርቼዋለሁ፤ ያንቺ ዘንድሮ ከእኔ ይልቅ አምሮበታል። የኪራዩን ውል ስፈርም «ደሳለው፣ ስለ አምሳል» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ይርጋለም እንደነገረችኝ ወካይ በፈለገ ቀን ውክልናውን መሻር ይችላል። እዚያ ያለው ኤምባሲያችን ብትሄጂ ይጽፉልሻል፤ ወደዚህ ስትልኪው የእኔ ሥልጣን ያን ጊዜ ያበቃል። ይህን ደብቄሽ ብቀር ዳግመኛ መበደሌ ነው። ይህን ካነበብሽ በኋላ ልብሽ ከእኔ ቢርቅ ሻሪው፤ እህትነትሽን እንጂ ወረቀቱን አልለምንሽም። ቤቱ ይሸጥ ብትዪም ለዚያ ለይተሽ ጻፊልኝ። እስከዚያ ድረስ ግን እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ።

ሸዋነሽ በናፍቆት ትስምሻለች፤ «እኔ ተናግሬ ነበር በልልኝ» ብላለች። ልጆቹ እጅ ይነሣሉ። ጋሽ አህመዲን ሰላም ብለውሻል። አያ መንግሥቴ ይቅርታ በልልኝ ብለዋል፤ ግድግዳሽ ሲመረግ በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃውን ያቦኩት እሳቸው ናቸው። እናታችን ግንባርሽን ስማሻለች። ሦስተኛውን ክፍል አታከራይም ብላ ከለከለችኝ፤ ለአንቺ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ገብታ ትጠርገዋለች፤ መስኮቱንም ከፍታ እዚያው ትንሽ ትቀመጣለች።

ወንድምሽ ደሳለው

ወረታ፣ ፎገራ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.