የብርሃን ክፍሉ ነርስ እማማ ደቂቃ ማረፋቸውን ስለማሳወቅ

የዓይን ሕክምና ማዕከላችን ዋና ነርስ፣ ታካሚዎች «እማማ ደቂቃ» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የማዕከሉ አስተዳደርና ሠራተኞች ከባድ ሐዘን ላይ ነን። በመግለጫ ላይ እንዲህ ማለት ባይለመድም፣ ፈርተናልም።

በ1986 ዓ.ም. በተመላላሽ ክፍል ተቀጥረው ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

በ2006 ዓ.ም. ማዕከሉ ኮርኒያን የማጠንከር ሕክምና ሲጀምር «የብርሃን ክፍል» የምንለውን ክፍል የተረከቡት እሳቸው ናቸው። ሕክምናው የሚሰጠው ኮርኒያቸው፣ ማለትም የዓይናቸው የፊት ግልጽ ሽፋን፣ እየሳሳና እየሾለ ለሚሄድባቸው ሰዎች ነው። ዓይን ውስጥ ቢጫ የቫይታሚን ጠብታ ለግማሽ ሰዓት ይንጠባጠባል፤ ቀጥሎ ልዩ ጨረር ይበራል። የጠፋውን እይታ አይመልስም፤ የቀረው እንዳይሄድ ግን ይይዛል። ታካሚው ነቅቶ፣ የዓይኑ ቆብ በመሣሪያ ተይዞ፣ ብርሃኑን ትክ ብሎ ማየት አለበት። እማማ ደቂቃ ራስጌው ተቀምጠው «አይዞህ ልጄ፣ አራት ደቂቃ ቀረን» ይሉ ነበር። አንድም ቀን «ቀረህ» ብለው አያውቁም።

በ2011 ዓ.ም. የዛሬው ሥራ አስኪያጃችን፣ ያኔ ገና አዲስ ሐኪም ሳሉ፣ ለአንድ ታካሚ ጨረሩ እንዲበራ አዘዙ። እማማ ደቂቃ የኮርኒያውን ውፍረት እንደገና ለክተው «ዶክተር፣ ስስ ነው፤ እኔ አላበራም» አሉ። ኮርኒያው ከአራት መቶ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አራት አሥረኛ፣ በታች ከሳሳ ጨረሩ ዘልቆ የዓይንን ውስጥ ይጎዳል። ሥራ አስኪያጁ ያን ዕለት ጓንታቸውን ወርውረው ወጥተዋል። ያ ዓይን ዛሬም ያያል። ይህ እንዲጻፍ የጠየቁት ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. ተተኪ እንዲያሠለጥኑ ተወስኖ ነበር። በየዓመቱ ያራዘምነው እኛ ነን። እሳቸው እያሉ ምን ያስቸኩላል አልን።

አሁን አሥራ አንድ ሰዎች ቀጠሮ ይዘው ይጠብቃሉ። አንዷ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ቀኝ ዓይኗ ታክሞላታል፤ የግራው ግን ባለፈው ሳምንት ሲለካ ወደ አራት መቶ ስምንት ማይክሮን ወርዷል። እናቷ ትናንት ደውለው «እና ማክሰኞ እንምጣ ወይስ እንቅር?» ብለው ጠየቁ። ስልኩን ያነሳችው ባልደረባችን ጥያቄውን ጽፋ ወደ አስተዳደሩ አመጣችው። እናት ሆይ፣ ማክሰኞ ይምጡ። የሚለኩት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው፤ እንደ እማማ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይለካሉ። ከሌላ ሆስፒታል ልምድ ያላት ነርስ እንድትላክልን ጠይቀናል፤ መልስ አልመጣም። ውፍረቱ ካልፈቀደ አናበራም።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ቀብራቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይፈጸማል።

ለቀብሩ እንደምትመጡ የነገራችሁን ባለ ቀጠሮዎች፣ አንድ አደራ አለን። ዓይንን ማሸት ይህን በሽታ ያባብሰዋል። ስታለቅሱ በእጃችሁ አትንኩት። እንባው ይውረድ።