ስም ስለሌላት ሠራተኛ እና «ወላጅ አምጪ» ስለተባለች ተማሪ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ላቀው አስረስ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎም ሰልፍ ሜዳው ላይ እንደሚሰማው ድምፅዎ የጠነከረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ እዚሁ ጀሞ በሚመሩት ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጊዜዎን እንዳልሻማ በማሰብ ይህን ደብዳቤ በመምህራን ማረፊያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪ ሶሬቲ ኮርሳ ስለ አንድ የቆየ ልቦለድ የጻፈችውን ሂስ በሚኒ ሚዲያው ታነብ ነበር። በልቦለዱ ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች፤ የፍቅረኞቹን መልእክት ታመላልሳለች፣ በር ትከፍታለች፣ የጌታዋን እግር ታጥባለች፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ልጅቷ» ከመባል በቀር ስም የላትም። ሶሬቲ ክፍል ውስጥ የተማረችውን የመደብና የሥርዓተ ፆታ ንባብ ይዛ፣ ደራሲው ለጌታው ፈረስ እንኳ ስም ሲያወጣ ይህችን ሴት ለምን ነፈጋት ብላ ጠየቀች። እርስዎም ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ ወላጅ ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ አዘዙ። ለዚህ ፈጣን እርምጃዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ የሽንት ቤቱን ውኃ በተመለከተ ላቀረብነው ጥያቄ ግን ይህን ያህል አልፈጠኑም።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ፦

1. «መደብ» የሚባለው ነገር ከደርግ ጋር እንዳበቃለት ለተሰለፈው ተማሪ ሁሉ አስረድተዋል። ለእርማትዎ እያመሰገንኩ፣ ድህነትና ሀብትም አብረው መቅረታቸውን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጠዋት ማታ ታክሲ ተሰልፌ የምጠብቅ ሰው ስለሆንኩ ወሬው አልደረሰኝም ይሆናል።

2. ፆታ የሥርዓተ ፆታ ክበብ ጉዳይ እንደሆነ፣ እሱም ማርች ስምንት ሲደርስ ብቻ እንደሚነሳ ነግረውኛል። እውነትዎን ነው፣ በዚያ ቀን ቲሸርት ይታደላል። ባለፈው በዓል እኛ ሴት መምህራን ቲሸርቱን ለብሰን ለእንግዶችዎ ለስላሳ ስናድል መዋላችንንም መቼም አልረሳውም።

3. ይህኛውን ሳላሽሞነሙን ልናገር፤ ተናድጃለሁ። ሶሬቲ ከማክሰኞ ጀምሮ ዩኒፎርሟን ለብሳ እየመጣች ጥበቃው አጠገብ ቆማ ትውላለች፤ ፈተና ደርሷል፣ ትምህርቱም እያመለጣት ነው። ጥፋቷ እኔ ያስተማርኳትን በሚገባ መረዳቷ ነው። አባቷ በሕይወት የሉም፤ እናቷ የሰው ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ ናቸው። ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ ብለው አሠሪያቸውን ፈቃድ ቢጠይቁ፣ እንግዳ አለብኝ ተብለው ተከልክለዋል። ስለዚህ ልጅቱ ያለ ወላጅ ክፍል እንድትገባ እንዲፈቅዱላት እለምናለሁ።

ለሥነ ጽሑፍ የሚያደርጉት ጥበቃ እንዳይጓደልብን የምትመኝ፣ ከማይክሮፎንዎ ራቅ ብላ የምትቆም ታዛዥዎ፣

መምህርት ናፍቆት ኤልያቄም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሶሬቲ እናት ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር። ወላጇን ለማነጋገር ትምህርት ቤት ድረስ ማስጠራት አያስፈልግዎትም። ዛሬ መካኒሳ ቤትዎ ሲገቡ በሩን የሚከፍቱልዎት እሳቸው ናቸው። ማክሰኞ ፈቃድ ሲጠይቁዎት የትኛው ትምህርት ቤት ነው ቢሏቸው ኖሮ ይነግሩዎት ነበር። እርስዎ ቤት «ልጅቷ» እንደሚባሉ ሰምቻለሁ፤ ስማቸው ግን ወይዘሮ ዲንቂቱ ነው።